ሰማያዊዎቹ ሰዎች ደሴ የገቡበት ምሽት

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ ሲመጣ ለእናቴ የስኳር መለኪያ፣ ለእኔ አንድ ፊልም ይዞ መጣ። ሲሰጠኝ፣ “እንካ፤ ከዛሬ በኋላ ስለነዚያ ሰማያዊ ሰዎች አንዲት ቃል ብትተነፍስ ስልክህን አላነሣም” አለኝ። አልፈርድበትም። የፊልሙን ስም ሳላውቅ፣ “ግዙፎች ናቸው፣ ሰማያዊ ናቸው፣ ዓይናቸው ደም የመሰለ ቀይ ነው” እያልኩ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ዕድሜዬን ገፍቻለሁ። አብዛኛው ሰው የሕልም ፍቺ የጠየቅኩት እየመሰለው “ደግ ነው፣ ሲሳይ ነው” ይለኝ ነበር።

ሕልም አይደለም። ፊልሙ በፈረንሳይኛ “ላ ፕላኔት ሶቫዥ” ይባላል፤ “የዱር ፕላኔት” ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች “ፋንታስቲክ ፕላኔት” ብለው ያውቁታል። ሬኔ ላሉ የሚባል ፈረንሳዊ ዳይሬክተር የሠራው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 72 ደቂቃ የሚፈጅ አኒሜሽን ነው። በእጄ የገባው ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ምስሉን አድሶና አጽድቶ በብሉሬይ ያወጣው እትም ነው። ዕቃው ያምራል። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ውስጡ ስለ ፊልሙ የሚነበብ ጽሑፍ ያለው፤ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ባለቤቱን የሚያኮራ ዓይነት። እኔ ፊልም አይቼ አውቃለሁ እንጂ የፊልም ባለቤት ሆኜ ስለማላውቅ ፕላስቲኩን ሳልቀድ ሁለት ቀን አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ዴክ ለመዋስ ጎረቤት ሄድኩ። የራሴ የነበረው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤቱን ቆልፈን እንደወጣን ቀረ፤ ስንመለስ እሱም ቴሌቪዥኑም አልነበሩም። የጎረቤቴ ዴክ ዲስኩን ዋጠ፣ ጥቂት አጉረመረመ፣ መልሶ ተፋው። ጠርገን አስገባነው፤ ተፋው። የጎረቤቴ ልጅ በትንፋሹ እፍ ብሎ አስገባው፤ አሁንም ተፋው።

ነገሩ ሲገባኝ በራሴ ሳቅኩ። ብሉሬይ ማለት ሰማያዊ ጨረር ማለት ነው። ተራው የዲቪዲ ዴክ ዲስኩን የሚያነበው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ብርሃን ሲሆን፣ ብሉሬይ የሚነበበው ግን በ405 ናኖሜትር፣ ወደ ወይን ጠጅ በሚያደላ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲቀጥን የሚነበበው ነጥብም ይቀጥናል፤ ስለዚህ ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ ብሉሬይ 25 ይይዛል። ለቀዩ ብርሃን ያን ጥቃቅን ጽሕፈት ማቀበል መነጽሩ ለጠፋበት ሽማግሌ የውል የግርጌ ማስታወሻ እንደማቀበል ነው። ቀይ ዓይን ያላቸውን ሰማያዊ ሰዎች በቀይ ዓይን ማየት አልተቻለም።

ብሉሬይ የሚያጫውት ዴክ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ዞርኩ። አንድ ባለሱቅ የዲስኩን ጀርባ አገላብጦ አየና፣ “ይህ እኮ ዴኩ ቢገኝም አይሠራልህም” አለኝ። ምክንያቱ ጀርባው ላይ የታተመች አንዲት ፊደል ናት። ለብሉሬይ ዓለም በሦስት ተከፍላለች፤ አሜሪካና ጃፓን በ“ኤ”፣ አውሮፓና አፍሪካ በ“ቢ”፣ ሕንድና ቻይና ሩሲያም በ“ሲ” ይመደባሉ። የእኔ ዲስክ ባለ “ኤ” ነው፤ ለ“ቢ” አገር ሰው የተቆለፈ። ዲቪዲም እንዲሁ በቁጥር የተከፋፈለ ነበር፤ እኛ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ቁጥር ውስጥ ነበርን። ያኔ ግን መቆለፋችንን ማናችንም አላወቅንም፤ ገበያችን ላይ የሚቸረቸሩት ርካሽ ዴኮች ቁጥሩን የሚጠብቁ አልነበሩምና። በጉድለታቸው ነበር የጠቀሙን።

ይህን ነገር ሳስብ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት። ፊልሙ ራሱ ስለ አንድ የተበላሸ ዕቃ ነውና።

*

መጀመሪያ ያየሁት በ1987 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከፒያሳ ትንሽ ከፍ ብሎ በቆርቆሮ የተሠራ፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ ቪዲዮ ቤት ነበር። መግቢያው ስሙኒ ነው። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው በፊት ለፊቱ ሰው ጉልበት ተደግፎ ሳይሆን የፊት ለፊቱን ሰው በጉልበቱ እየደገፈ ነበር የሚያየው። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የፊልሙ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል። ብዙም አይጎዳንም፤ ቀድሞውንም ቋንቋውን አንሰማውም።

ቋንቋውን የሚሰማልን ጋሼ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ያኔም ጋሼ ነበር የምንለው፣ አሁንም ጋሼ ነው የምለው። ዴኩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ካሴት የሚያጠነጥነው፣ ምስሉ ሲጨፈግግ የዴኩን ጭንቅላት በአልኮል የሚጠርገው እሱ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጥና በቀርከሃ ዘንግ ሰዎቹን እየጠቆመ ይተረጉማል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል። ሕንድኛ አያውቅም፣ ቻይንኛ አያውቅም፣ እንግሊዝኛውም ከሰላምታ አያልፍም። ግን ተዋናዩ አፉን ሲከፍት እሱም ይከፍታል፤ ተዋናዩ ሲዘጋ እሱ ትንሽ ያስከትላል። የሕንዱ ባለጠጋ የሚናገረው የየጁ ባላባት የሚናገረውን ነበር። ካራቴኛው ጠላቱን ከመምታቱ በፊት “ወላሂ ተው ብዬሃለሁ” ይላል። ተሳስቷል ያለው ሰው አልነበረም፤ ማን ያውቃል ተሳስቶ እንደሆነ?

የዚያ ምሽቱ ካሴት ከጅዳ የመጣ ነበር። በሰፈራችን ዓረብ አገር ዘመድ ያለው ቤት ከሽቶና ከብርድ ልብስ ጋር ካሴት አይጠፋበትም። ላዩ ላይ በዓረብኛ የተጻፈው የአንድ ሕንድ ፊልም ስም ነው። ሕንዱ ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሰ፣ ዘፈነ፣ የጠፋ ወንድሙን አገኘና አለቀ። ሰው መነሣት ጀመረ። ጋሼ ዴኩን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች ስክሪኑ ውስጥ ገባች።

በሥዕል የተሠራች ሴት ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከላይ አንድ ሰማያዊ እጅ ወርዶ ገፋት። ወደቀች፣ ተነሥታ ሮጠች። እጁ መንገዷን ዘጋባት። በሌላ በኩል ልታመልጥ ስትል እዚያም ጣት አለ። በመጨረሻ ከፍ አድርገው አንሥተው ለቀቋት፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። ሕፃኑ ብቻውን ቀርቶ ያለቅሳል። እጆቹ የልጆች ነበሩ። ሰማያዊ፣ እንደ ጦሳ ተራራ የገዘፉ ልጆች ይጫወቱ ነበር፤ መጫወቻቸው መሰበሩ ብቻ ነው ያናደዳቸው።

ጋሼ ዘንጉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ያችን ቦታ አልተረጎመም። እኛ ልጆቹ ወደ አግዳሚው ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ግን አፉን ፈታ። ሕፃኑን “ሚጢጢ” አለው። ሚጢጢን አንሥታ የወሰደችውን ትንሿን ሰማያዊ ልጅ “ሰማያዊት” አላት። በእርግጥ ልጁ ቴር፣ ልጅቱ ቲቫ እንደሚባሉ፣ ሰማያዊዎቹ ድራግ፣ እንደ እኛ ያሉት ሰዎች ደግሞ “ኦም” መሆናቸውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። “ኦም” ፈረንሳዮች ሰው የሚሉበት ቃል ነው፤ “ቴር” ደግሞ መሬት። ለእኔ ግን ዛሬም ሚጢጢና ሰማያዊት ናቸው።

ሰማያዊት ሚጢጢን እንደ ድመት ግልገል ታሳድገዋለች። ልብስ ትቀያይርለታለች፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ታጠልቅለታለች፤ ርቆ ሲሄድ እጇ ላይ ያለውን አምባር ስትነካ ቀለበቱ እየጎተተ ያመጣዋል። በድራጎች ዘንድ ትምህርት የሚገኘው ግንባር ላይ ከሚታሰር ነገር ነው፤ መጽሐፍ የለም፣ መምህር የለም፣ ዕውቀቱ በቀጥታ ጭንቅላት ውስጥ ይፈስሳል። ሰማያዊት ስትማር ሚጢጢን እጇ ላይ ታስቀምጠዋለች። የሚጢጢ ቀለበት ደግሞ ጉድለት አለበት። በዚያ ጉድለት የተነሣ ለእሷ የሚፈስሰው ትምህርት ወደ እሱም ይደርሳል።

ጋሼ ይህን እንዴት ብሎ አስረዳን? “ቃርሚያ ነው” አለ። “አጫጁ አልፏል፤ ልጁ ከኋላ ይቃርማል።” ስለ ፊልሙ እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ሌላው ሁሉ እንደ ቅዠት ነው የሚታወሰኝ። አንድ በጎጆ ውስጥ የታሰረ፣ አፍንጫው እንደ ዛፍ የተንሰራፋ እንስሳ በአጠገቡ የሚበርሩትን ትንንሽ ፍጥረታት እየያዘ ያራግፍና ይጥላቸዋል፤ አይበላቸውም፤ ይስቃል ብቻ። ሁለት ሰዎች ደረታቸው ላይ አውሬ ታስሮላቸው ይጋጠማሉ። ታላላቆቹ ድራጎች ተቀምጠው ዓይናቸው ባዶ ሆኖ፣ መልካቸው እየተለዋወጠ፣ ነፍሳቸው በክብ ኳስ ውስጥ ሆና ወደ ሰማይ ትንሳፈፋለች። ከኋላ አንድ ሰው “ሐድራ ላይ ናቸው” ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሼ ሳይስቅ “አዎ፣ አትረብሹ” አለ። ደግሞ መሬቱን የሚሸፍን ብርጭቆ የመሰለ ነገር በቅሎ ሚጢጢ ሲያፏጭ ይሰባበራል። በማግስቱ ጠዋት ገራዶ ሜዳ ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር፤ አራት ልጆች ሆነን ሄደን አፏጨንበት። አልተሰባበረም። ማታም ቤት ውስጥ ሳፏጭ እናቴ “እባብ ልትጠራብን ነው?” ብላ በኩርኩም አለችኝ።

ካሴቱ የ240 ደቂቃ ነበር፤ ሕንዱ ብቻውን 180 በልቶበታል። ለሰማያዊዎቹ የቀረው 60 ነው። ፊልሙ 72 ደቂቃ ቢሆንም ያኔ እኛ በምንጠቀምበት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 24 የነበረው ምስል 25 ሆኖ ስለሚሮጥ ወደ 69 ያጥራል። እንደዚያም ሆኖ ዘጠኝ ደቂቃ ጎደለን። ትንንሾቹ ሰዎች ሚጢጢ ሰርቆ ባመጣው የትምህርት ዕቃ ተምረው፣ ከተደበቁበት ሆነው ሮኬት ሲሠሩ ስክሪኑ ላይ ዝናብ ወረደና ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

“ከዚያስ?” አልን።

“ከዚያማ” አለ ጋሼ። ጠፍቶ የነበረውን ስክሪን በዘንጉ እየጠቆመ ግማሽ ሰዓት ተረጎመልን። አበጋሮች ገቡ። ወሎ ውስጥ ደም ሲፈስስ እንደሚደረገው የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የትንንሾቹ ሽማግሌዎች ድምፅ እስከ ሰማያዊዎቹ ጆሮ ስለማይደርስ ረከቦት ላይ በስኒዎቹ መካከል ተደረደሩ። ቡናው ፈላ፣ ዱዓው ተደረገ። የሞቱት አንድ በአንድ ተጠሩ፣ ለእያንዳንዳቸው የደም ካሳ ተቆረጠ። መጀመሪያ የተጠራችው ያቺ ልጇን ታቅፋ ስትሮጥ የነበረችው ሴት ነበረች። ያን ጨዋታ የተጫወቱት ሰማያዊ ልጆች አድገው፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነው፣ ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ።

*

አሁን ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት ልናገር፤ ይህም ቢሆን የቃረምኩት ነው።

ላሉ ፊልም ውስጥ የገባው በክሊኒክ በኩል ነው። ላ ቦርድ በሚባል የአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ ይሠራ በነበረበት ጊዜ በ1960 እ.ኤ.አ. ከሕሙማኑ ጋር “የጦጣ ጥርሶች” የተባለ አጭር አኒሜሽን ሠራ። ታሪኩን የፈጠሩት ሕሙማኑ ናቸው፤ የድሆችን ጥርስ የሚሰርቅ የጥርስ ሐኪም አለበት። ቆይቶ “የዱር ፕላኔት”ን ከአንድ በ1957 እ.ኤ.አ. ከታተመ ልብ ወለድ ወሰደው፤ የልብ ወለዱ ደራሲ ስቴፋን ቩል በሙያው ምን እንደነበር ገምቱ። የጥርስ ሐኪም።

ሥዕሎቹ የሮላን ቶፖር ናቸው። ቶፖር በ1938 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ከፖላንድ ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ፤ በናዚ ወረራ ጊዜ ልጅነቱን ያሳለፈው ሳቮዋ በተባለው ተራራማ አገር ተደብቆ ነው። ድራጎቹ ሸንጎ ተቀምጠው ኦሞቹ በጣም ስለተራቡ፣ ማለቴ ስለተባዙ፣ ቁጥራቸው ይቀነስ ይላሉ፤ ከዚያ መርዛም ጭስ የሚነፉ ዕቃዎች ወደ መናፈሻው ይገባሉ። ሰው እንደ ትኋን ሲቆጠር ምን እንደሚመስል ቶፖር ከመጽሐፍ አልተማረውም።

ምስሉ ሕይወት የተዘራበት ፕራግ ውስጥ፣ በዪርዢ ትርንካ ስም በሚጠራው ስቱዲዮ ነው፤ የሶቪየት ታንኮች በ1968 እ.ኤ.አ. ክረምት ከተማዋን ከረገጡ በኋላ በነበሩት ዓመታት። ሥዕሎቹ በወረቀት ላይ ተሥለው፣ ተቆርጠው፣ በካሜራ ሥር እየተለዋወጡ አንድ በአንድ የተነሡ ናቸው። ለዚህ ነው ሰዎቹ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ከብደው የሚንቀሳቀሱት፣ ፊታቸውም ሲሞቱ እንኳ የማይለወጠው። አሁን በኮምፒውተር የሚሠሩት አኒሜሽኖች ፀጉር በፀጉር ያሳዩናል፤ ገጸ ባሕሪው ሲያዝን ቅንድቡ፣ ከንፈሩ፣ አፍንጫው ሁሉ ያዝናል፤ ለእኛ የሚተርፈን ሥራ የለም። የወረቀቱ ፊት ግን አያዝንልህም። አንተው ታዝናለህ። ሙዚቃው የአላን ጎራጌር ነው፤ የሚያቃስት ጊታር፣ ዋሽንት፣ ቀስ ያለ ከበሮ። በ1960ዎቹ የአገራችን ባንዶች ላደገ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ዲስኩ ላይ ላሉና ቶፖር ቀደም ብለው አብረው የሠሩት “ቀንድ አውጣዎቹ” የተባለ አጭር ፊልምም አለ። ሰላጣው አልበቅል ያለው ገበሬ ቢቸግረው ያለቅሳል፤ ሰላጣው በእንባው ይበቅላል። ለወሎ ሰው ግርጌ ማስታወሻ የሚያስፈልገው ታሪክ አይደለም።

“የዱር ፕላኔት” በካን የፊልም ፌስቲቫል ልዩ ሽልማት ያገኘው በግንቦት 1973 ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1965። ቀኑን ሳሰላ ያደረግኩትን ስሌት ደግሜ አየሁት። በዚያው ወር ከየጁ፣ ከራያ፣ ከአምባሰል የተነቀለ ገበሬ በዋናው መንገድ ላይ ወደ ከተሞች ይጎርፍ ነበር፤ ደሴም አንዷ ናት። በዚያ ረኃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። መንግሥት ረኃቡን ሸሸገው። የተገለጠውም በፊልም ነው፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎን ቀርጾ ጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ላይ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ይሁንና እንደነበረ አልነበረም፤ በረኃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታይበት ሥዕል ተሰክቶበት ነበር። ያን መቀስ የያዘው ሰው ዓላማው ምንም ይሁን ምን፣ ሰውን ዝቅ አድርጎ ለማዳ እንስሳን ከፍ የማድረግን ነገር ከላሉና ከቶፖር እኩል ገብቶታል።

ጋሼ ደሴ የገባው በ66 ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ያሳደጉት ሸዋ በር አካባቢ ጠጅ ይጥሉ የነበሩ አንዲት ሴት ናቸው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

*

ፊልሙ በመጨረሻ የተገኘው ከተጠበቀው ቦታ አይደለም። ስልክና ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን አንድ ወጣት አለ፤ ሱቁ ከአንድ ቁም ሣጥን አይሰፋም። ያቺን የተቆለፈች ዲስክ አሳየሁት። ሽፋኑን ሳይነካ በዓይኑ ብቻ አየና፣ “እነዚያ ሰማያዊዎቹ ናቸው? አለኝ እኮ” አለ። ለካስ ሃያ ዓመት ሙሉ የፈለግኩት ፊልም ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ፣ በቱርክ ድራማዎች መካከል ተኝቶ ነበር። ያውም ያው የታደሰው፣ የጸዳው ምስል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ አልጠየቅኩትም። የሠሪዎቹ መብት እንዳለ አውቃለሁ፤ ዲስኩንም ገዝቼ፣ ማለትም የአክስቴ ልጅ ገዝቶ፣ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ቁልፉን የሠራው ግን እኔን ሲያስብ አልነበረም።

ኮምፒውተሬን አዝዬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጋሼ አሁን የሚኖረው እዚያ ከልጁ ጋር ነው፤ የደሴ ብርድ ለመገጣጠሚያው አልተስማማውም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ጉሙ ከላይ ቀረና ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ነው ዝቅ የሚባለው፤ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጋቢውን አውልቆ እጅጌውን ይሰበስባል።

ጋሼ ፊልሙን ያስታውሰው እንደሆነ ስጠይቀው፣ “የትኛውን? እኔ ስንቱን ፊልም ነው የተረጎምኩት” አለኝ። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስከፍት መነጽሩን አወጣ። ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ በዚህ ጊዜ ተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ሴትዮዋ መሮጥ ጀመረች። እጁ ወረደ። በጸዳው ምስል የወረቀቱ ጠርዝ፣ የእርሳሱ ጭረት ሳይቀር ይታያል፤ በቪዲዮ ቤቱ የማይታየው የሴትዮዋ ጣት የሕፃኑን ጀርባ እንዴት እንደጨበጠ ይታያል። ጋሼ ምንም አላለም።

“ጋሼ፣ ያኔ ይህችን ቦታ ለምን አልተረጎምካትም?” አልኩት።

“ቃል የላትም እኮ” አለ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። “ምኑን ልተርጉመው?”

ቀጠልን። ድራጎች አንድ ሳምንታቸው ለኦም አንድ ዓመት መሆኑን ሳነብለት “ታዲያ ያቺ ልጅ ሳታድግ ነዋ ልጁ የሚያረጅባት” አለ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ትርጉሜን ግን አልወደደውም። “አንተ ልጅ፣ በጣም ታሳጥራለህ። ሰውዬው ይህን ያህል አፉን ሲያንቀሳቅስ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለህ?” የተባለው ያው ነው ብለውም አላመነኝም። ስለ ቀለበቱ ጉድለት ስደርስ ቃሉን እስኪያስታውስ ጠበቅኩት። አላስታወሰም። “ስህተት ነው፣ ተበላሽቶ ነው” ብሎ አለፈ። “ቃርሚያ” ያለው እሱ መሆኑን ስነግረው፣ “እኔ? አልወጣኝም” አለ።

ከዚያ ያላየናቸው ዘጠኝ ደቂቃዎች መጡ። ኦሞቹ በሮኬት ወደዚያች ወደ ዱር ፕላኔት ይደርሳሉ። እዚያ ራስ የሌላቸው ግዙፍ ሐውልቶች ቆመዋል። የድራጎቹ ነፍስ በኳሷ ውስጥ ተንሳፍፋ መጥታ በሐውልቱ አንገት ላይ ስትቀመጥ ሐውልቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጨፍራሉ፤ የድራጎቹ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ነው። ኦሞቹ በጨረር መሣሪያ እግራቸውን ይመቷቸዋል፤ ሐውልቶቹ ይፈርሳሉ፤ ድራጎቹ ይደነግጣሉ። ከዚያ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ሰላም ወርዷል ይባላል፤ ለኦሞቹ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ተሠርቶላቸዋል፣ ስሟም ቴር ነው፣ ሁለቱ ወገኖች ከእንግዲህ እየተማማሩ ይኖራሉ። አለቀ።

ጭፈራው ሲመጣ ጋሼ ወደ ፊት ተጠጋ። ሲፈርሱ ወደ ኋላ ተደገፈ። ሰላሙ ሲነገር መነጽሩን አወለቀ።

“አበቃ?”

“አበቃ።”

“ማን አስታረቃቸው?”

“ማንም። ተፈራርተው ነው የተስማሙት።”

“ቸኮሉ” አለ። “በጣም ቸኮሉ።” ሐሳቡን እጋራለሁ። ይህን ፊልም የሚያወድሱ ሁሉ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ሙዚቃው ይናገራሉ፤ ስለ መጨረሻው ግን ዝም ይላሉ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የፈሰሰ ደም በአንድ ደቂቃ ትረካ ታጥቦ ሲያልፍ ልብ አይጠግብም። አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ ጠፍቶ በነበረ ስክሪን ላይ ያየሁት ረከቦት ይበልጥብኛል።

“ሴትዮዋስ?” አለኝ።

የቷን ሴትዮ እንደሚል ገብቶኛል። “አልተነሣችም።”

ጋሼ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ጠረገው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። የልጁ ሚስት ቡና አፍልታ አቀረበች። አንደኛውን ጠጣን፤ ሁለተኛውን ጠጣን። ሦስተኛው ሲቀዳ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ አገጩን እያሸ ቆየና፣

“ያ ልጅ ግን” አለ፣ “የሚጭንልህ ልጅ፤ ሕንዱንስ አይኖረውም? ያን ወንድሙን ያገኘውን?”